የአባልነት ድረ ገጽ ልከፍት ነው፦ ሰው ከፍሎ ከገባ በኋላ ያለውን ሥራ የምታውቁ ምከሩኝ

የሰንጠረዥ_መምህርት

ለአነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ ለሚይዙ ሰዎች የኤክሴል ትምህርት በኢሜይል መላክ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞላኝ። በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤና አንድ የመለማመጃ ፋይል እልካለሁ፤ ሁሉም በነጻ ነው። ተቀባዮቼ 2,600 ደርሰዋል። ሥራው ግን ከመደበኛ ሥራዬ ጋር እየተጋፋብኝ ነው፤ ወይ ራሱን እንዲችል አደርገዋለሁ፣ አለዚያም አቆመዋለሁ። ማቆሙን ልቤ አልፈቀደም።

ስለዚህ ሳምንታዊውን ደብዳቤ በነጻ እንደያዝኩ፣ የቪዲዮ ትምህርቶቹን፣ ፋይሎቹንና የጥያቄና መልስ ክፍሉን ለሚከፍሉ አባላት ላደርግ አስቤአለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የፕለጊን፣ ማለትም ድረ ገጽ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ንጽጽር ሳነብ ሰነበትኩ። ያነበብኩት ሁሉ ስለ በሩ ነው፦ ማን በምን ያህል ይግባ፣ የመክፈያው ገጽ ምን ይምሰል። ሰው ከፍሎ በገባ ማግስት፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓመቱ ምን እንደሚያጋጥም የሚነግረኝ አጣሁ። በሥራው ያለፋችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

በረኛው

እህቴ፣ ጥያቄውን ከትክክለኛው ጫፍ ነው ያነሱት። የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጥ የአባልነት ድረ ገጽ ለሰባት ዓመት አስተዳድሬአለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ የገጹ መልክ ወይም የፕለጊኑ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ሁለት መዝገቦች አለመስማማታቸው ነበር።

አንደኛው መዝገብ ክፍያ አስተናጋጁ፣ ማለትም የካርድ ክፍያውን የሚቀበልልዎት ድርጅት፣ ዘንድ ያለው ነው፤ ማን እንደከፈለ፣ የማን ካርድ እንደተመለሰ፣ ማን እንዳቋረጠ እርሱ ያውቃል። ሁለተኛው በእርስዎ ድረ ገጽ ላይ ያለው ነው፤ ለማን እንደሚከፈትና ለማን እንደሚዘጋ የሚወስነው ይህ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ዌብሁክ የሚባል መልእክት ነው። እዚያ አንድ ነገር በተከሰተ ቁጥር አስተናጋጁ ወደ እርስዎ ሰርቨር መልእክት ይልካል። ሰርቨሩ ካልመለሰ ደግሞ ይልካል፤ ስትራይፕ የሚባለው አስተናጋጅ ለምሳሌ ክፍተቱን እያሰፋ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ይተወዋል።

እኔን ያጋጠመኝ ይህ ነው። አንድ የደኅንነት ፕለጊን ራሱን አድሶ የክፍያ መልእክቶቹን እንደ ጥቃት ቆጥሮ ከለከላቸው። እኔ በአራተኛው ቀን ነቃሁ። በእነዚያ ቀናት ያሳደሱ አባላት ገንዘባቸው ተቆርጦ በሩ ተዘግቶባቸዋል፤ ያቋረጡት ደግሞ እንደልባቸው ይገባሉ። ከፍሎ የተዘጋበት ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ምን እንደሚመስል አልነግርዎትም። ከእነዚያ ሰዎች ገሚሱ ይቅርታ ብጠይቅም፣ አንድ ወር በነጻ ብጨምርም አልተመለሱልኝም።

ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ ቢመርጡ እነዚህን ያረጋግጡ። መልእክቱ በእርግጥ ከክፍያ አስተናጋጁ እንደመጣ በፊርማው ይመርመር፤ አለዚያ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ «ተከፍሏል» ብሎ ሊልክልዎት ይችላል። አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላልና የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይመዝገብ፣ የተደገመው ይታለፍ። ቅደም ተከተሉም ሊዛባ ይችላል፤ ኋላ የተፈጠረው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ በየሌሊቱ ከክፍያ አስተናጋጁ የንቁ ክፍያዎችን ዝርዝር አምጥቶ ከአባላት መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ትንሽ ሥራ ይኑርዎት። ልዩነት ሲያገኝ ኢሜይል ይላክልዎት። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ የባንክ ማስታረቅ እንደማለት ነው ብል ይገባዎታል።

አንድ ስሕተት ደግሞ አሁንም በየቦታው አያለሁ፦ ሰውየው ከፍሎ «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ አባልነቱን መክፈት። ገጹ ሳይመጣ መስመሩ ቢቋረጥ ከፋዩ በር ላይ ይቀራል። የገጹን አድራሻ ያገኘ ሌላ ሰው ደግሞ ሳይከፍል ይገባል። በር የሚከፍተው ዌብሁኩ ብቻ ይሁን።

ቀለል_ያለ_መንገድ

ይህን ሁሉ ማን ይችለዋል? ለአንድ ሰው ሥራ ጎስት ወይም ሰብስታክ የሚባሉት የጽሑፍና የደብዳቤ ማሠራጫ መድረኮች ይበቃሉ። ጎስት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባልነትን ከራሱ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክፍያው በስትራይፕ ነው፣ አባላቱ በኢሜይል በሚላክላቸው ሊንክ ይገባሉ፣ የይለፍ ቃል ረሳሁ የሚል ጥያቄ የለም። ከገቢዎ ላይም ድርሻ አይወስድም። ሰብስታክ 10 በመቶ ይወስዳል፣ ነገር ግን ምንም የሚያስተዳድሩት ነገር የለም። እርስዎ ለማስተማር እንጂ ሰርቨር ለመጠበቅ አልተነሡም።

በረኛው

በዚህ አልከራከርም፤ ለጽሑፍ ብቻ ቢሆን እኔም ያንኑ እመክር ነበር። እርሷ ግን ቪዲዮ፣ ፋይልና የጥያቄ ክፍል ብላለች። ያ ሁሉ ባለበት ወርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ፔይድ ሜምበርሺፕስ ፕሮ ወይም ሜምበርፕሬስ የሚባሉትን የአባልነት ፕለጊኖች ማሰብ ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር ይታይ። ክፍያ አስተናጋጁ እርሷ ባለችበት አገር ይሠራል ወይ? ስትራይፕ በሁሉም አገር የለም፤ ይህ ሳይረጋገጥ የተመረጠ መሣሪያ ሁሉ ሊፈርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ ነገ ልልቀቅ ብትል የአባላቱን ኢሜይል ብቻ ነው ወይስ የካርድ ክፍያቸውንም ይዛ መውጣት የምትችለው? ክፍያው በራሷ የስትራይፕ ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ከሆነ መሣሪያውን ብትቀይርም ክፍያው ይቀጥላል። መድረኩ በራሱ ሒሳብ የሚሰበስብ ከሆነ ግን እያንዳንዱን አባል «እባክህ ካርድህን እንደገና አስገባ» ብሎ መለመን ነው፤ በዚያ ልመና መሃል ብዙ ሰው ይቀራል።

የካርድ ቁጥርን ነገር በአንድ ቃል ልዝጋው፦ በራስዎ ገጽ አይቀበሉ። ከፋዩ ቁጥሩን ክፍያ አስተናጋጁ ባዘጋጀው ገጽ ላይ ብቻ ያስገባ። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው የካርድ ደኅንነት መስፈርት የሚጭነው ሸክም ያን ጊዜ እጅግ ይቀልልዎታል።

ቁጥር_ወዳድ

እኔ የምጨምረው ስለ መውጣት ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ መግባት ያስባልና።

በየወሩ ከመቶ አባላት 5 ቢወጡ ትንሽ ይመስላል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ከመጀመሪያዎቹ 100 የሚቀሩት 54 ናቸው። 8 ቢወጡ 37 ይቀራሉ። 3 ቢወጡ 69። በአምስትና በሦስት መካከል ያለው ልዩነት የሥራው መኖርና አለመኖር ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ያስሉ። በየወሩ 10 አዲስ አባል ያገኛሉ እንበል፣ መውጫው 5 በመቶ ነው። አባላቱ 200 ሲደርሱ በወር 10 ይወጣሉ፣ 10 ይገባሉ። እዚያ ላይ ቆመ ማለት ነው። የቱንም ያህል ዓመት ቢሠሩ፣ አንዱን ቁጥር ካልቀየሩ ከ200 አያልፍም። መውጫውን ወደ 3 በመቶ ቢያወርዱት ግን፣ አንድም ተጨማሪ ማስታወቂያ ሳይኖር ጣራው ወደ 333 ከፍ ይላል። ጣራዎ ማለት በወር የሚገባው ሰው ለመውጫው መጠን ሲካፈል ነው። ይህችን አንዲት ስሌት ግድግዳዎ ላይ ይለጥፏት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማስታወቂያ ገንዘብ ካፈሰስኩ በኋላ ነው ያወቅኳት፤ በዚያ ገንዘብ የነበሩኝን አባላት ብንከባከብ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላው፣ የሚወጣው ሁሉ ወድዶ የሚወጣ አይደለም። ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ይጠፋና ይለወጣል፣ በዕለቱ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ አይኖርም፣ ወይም ባንኩ ተጠራጥሮ ይመልሰዋል። እነዚህ ሰዎች ትምህርትዎን የሚወዱ ናቸው፤ አባልነታቸው መቋረጡን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ ክፍያ ሲመለስ በሩን ወዲያው አይዝጉ። አሥር ቀን ያህል ይታገሡ፤ በመሃሉ አስተናጋጁ ክፍያውን በየጥቂት ቀናት እንዲሞክር ያድርጉ፣ ካርዱን የሚቀይርበት ሊንክ ያለበት አጭር ኢሜይልም ይላኩ። በኢሜይሉ ላይ «ክፍያዎ ከሽፏል» ብለው በርዕስ አይጩኹበት። «ካርድዎ ሳይለወጥ አልቀረም» የሚለው ያው ነው፣ ሰውየውን ግን አያሳፍረውም። ቪዛና ማስተርካርድ የተለወጠን ካርድ አዲስ ቁጥር ለነጋዴው የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው፤ አስተናጋጅዎ ይደግፈው እንደሆነ ይጠይቁ።

የጓዳ_በር

የፊቱን በር ስትነጋገሩ የጓዳውን እንዳትረሱት። የተከፈለበት ትምህርት በስንት መንገድ እንደሚያፈስ ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ይህን መፈተሽ ነው።

ፋይሎች ዋናዎቹ ናቸው። ወርድፕሬስ ላይ ገጹን ብትቆልፉም በገጹ ውስጥ ያለው የኤክሴል ፋይል የራሱ አድራሻ አለው፤ ፋይሉን የሚሰጠው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ የአባልነት ፕለጊኑ አይጠየቅም። አንድ አባል አድራሻውን ለጓደኛው ከላከ አለቀ፤ አንዳንዴም ጎግል ራሱ ፋይሉን አግኝቶ ለሁሉም ያሳየዋል። መፍትሔው ፋይሎቹን ለሕዝብ ከተከፈተው ማህደር ማውጣት፣ ወይም እንደ አማዞን ኤስ3 ባለ ማከማቻ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ አባል በደቂቃዎች ውስጥ ጊዜው የሚያልፍበት፣ ፊርማ ያለው ሊንክ መስጠት ነው። ቪዲዮም እንዲሁ።

ቀጥሎ፣ ጽሑፉን በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚሸፍን መቆለፊያ። ዓይን አያየውም እንጂ ሙሉው ጽሑፍ ወደ ጎብኚው ኮምፒውተር ደርሷል፤ የገጹን ምንጭ የከፈተ ያነበዋል። መቆለፊያው ሰርቨሩ ላይ መሆን አለበት። ከ4.7 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ፣ ወርድፕሬስ ይዘቱን ለሌሎች ፕሮግራሞች በሚሰጥበት በሬስት ኤፒአይም ያወጣል፤ አዳዲስ ጽሑፎችን ለማንበቢያ መተግበሪያዎች የሚልከው የአርኤስኤስ መስመሩና የፍለጋ ውጤቱም አሉ። ሳትገቡ፣ በሌላ ኮምፒውተር፣ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሩ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ካሽ ነው። ገጹ እንዲፈጥን ተብሎ ጊዜያዊ ቅጂ ይቀመጣል። አንድ አባል «የእኔ ሒሳብ» የሚለውን ገጽ ሲከፍት ያ ቅጂ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጎብኚ ከተሰጠ፣ የመጀመሪያው ሰው ስምና ኢሜይል ለሁለተኛው ታየ ማለት ነው። ይህ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ ሰው አምኖ የሰጣችሁን ነገር አሳልፎ መስጠት ነው። የገባ አባል የሚያየው ገጽ፣ የመክፈያው ገጽና የሒሳቡ ገጽ በፍጹም ከካሽ ውጭ ይሁኑ። በሁለት የተለያዩ አባላት ስም በሁለት ስልክ ገብታችሁ ፈትሹት፤ አንድ ፕለጊን ባደሳችሁ ቁጥርም ድገሙት።

በረኛው

በዚሁ ላይ፦ የድረ ገጹን የሙከራ ቅጂ ስትሠሩ የክፍያ ቁልፎቹን፣ ማለትም ድረ ገጹን ከክፍያ አስተናጋጁ ጋር የሚያገናኙትን ምስጢራዊ ኮዶች፣ ወደ ሙከራው መለወጥ አትርሱ። ድረ ገጹን እንዳለ ገልብጠው ቁልፉን ሳይቀይሩ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቅጂው ራሱን እንደ ዋናው ቆጥሮ አባላቱን ሁለተኛ ጊዜ አስከፈለ።

ነጋዴው

ስለ መውጣት የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ያዋጣኝ ግን ማቋረጫውን ቀላል አለማድረግ ነው። ማቋረጥ የሚፈልግ ኢሜይል ይጻፍልኝ፤ እመልስለታለሁ፣ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፣ ቅናሽ አቀርባለሁ። ከአምስቱ አንዱ ይቀራል። አዝራር ብታስቀምጡ ያ አንዱ አይገኝም።

ውል_አንባቢ

ወንድሜ፣ በዚህ አጥብቄ እቃወምሃለሁ። የቀረልህን አንዱን ቆጥረሃል፤ ኢሜይል መጻፍ ታክቶት በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄዶ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ያለውን ግን አልቆጠርክም። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ከላዩ የክርክር ክፍያ ይጨመርብሃል፤ እንዲህ ያለው ከበዛ ክፍያ አስተናጋጁ ሒሳብህን ሊዘጋው ይችላል። ባለካርዱ ለዚህ ወራት አሉት፤ በቪዛ ደንብ ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው።

ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። በጀርመን ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድረ ገጽ የሚሸጥ ተከታታይ ውል ማቋረጫ አዝራር እንዲኖረው ግዴታ ነው። አባላት ከየትም ሊመጡ ይችላሉና የየአገራቸው ሕግ አብሮ ይመጣል። ለአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ የዲጂታል አገልግሎት ሲሸጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚታሰበው በገዢው አገር ነው። ይህን ሁሉ በራሷ መከታተል ካልቻለች በስሟ ሳይሆን በራሱ ስም ሻጭ ሆኖ ታክሱን የሚያወራርድ አገልግሎት አለ፤ ድርሻው ከፍ ይላል፣ ለአንድ ሰው ሥራ ግን ያዋጣል ባይ ነኝ። የግል መረጃንም በተመለከተ፣ ከግንቦት (ሜይ) 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ መረጃ ካፈሰሰና ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው እንዲነገር ያዛል። የጓዳ_በር ስለ ካሽ የጻፈውን በዚህ ዓይን እንደገና አንብቡት።

ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር፦ በካርድ መግለጫ ላይ የሚወጣው ስም። ድረ ገጹ በአንድ ስም ታውቆ መግለጫው ላይ ሌላ ስም ከወጣ፣ ሐቀኛ ሰው እንኳ ሌብነት መስሎት ይከራከራል። ስትራይፕ ከ5 እስከ 22 የላቲን ፊደላት ይፈቅዳል፤ አባሉ የሚያውቀውን ስም አስገቡበት።

ነጋዴው

የባንኩን ጉዳይ በዚህ መልክ አላሰብኩትም ነበር። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ክርክር ደርሶብኛል፤ ሁሉንም አጭበርባሪ ብዬ ነበር የተውኳቸው። መዝገቡን መለስ ብዬ አያለሁ።

የሰንጠረዥ_መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ክር አትሜ በብዕር እያሰመርኩበት ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ዋጋን ዝቅ አድርጌ ብጀምር ሰው አይበዛም? የጥያቄ ክፍሉንስ ከመጀመሪያው ቀን ልክፈተው?

ቁጥር_ወዳድ

ዋጋን በተመለከተ አስተናጋጆች ብዙ ጊዜ መቶኛና ቋሚ ሳንቲም አንድ ላይ ይቆርጣሉ። 3 በመቶና 30 ሳንቲም ነው እንበል። ከ3 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ 39 ሳንቲም ይሄዳል፤ 13 በመቶ ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ 30 ዶላር ቢከፈል ግን የሚቆረጠው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ 4 በመቶ ነው። ዓመታዊ ክፍያውን የአሥር ወር ዋጋ አድርገው ፊት ለፊት ያስቀምጡት። ካርድ የሚመለስበት አጋጣሚም በዓመት ከ12 ወደ 1 ይወርዳል። ያም ቢሆን ዓመታዊው ከመታደሱ ሁለት ሳምንት በፊት አስታውሷቸው፤ ሳይጠብቅ የተቆረጠበት ሰው ይቆጣል፣ ቁጣውም ልክ ነው።

እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ ብዙ ሰው ያመጣል የሚለውን እኔ አላየሁትም። ብዙ ጥያቄ ሲያመጣ ግን አይቻለሁ።

እናት_መምህር

አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝም፤ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም። እኔ የልብስ ስፌት ትምህርት በአባልነት መስጠት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ኮዱን ሌሎች ነግረውሻል፤ እኔ ስለ ሰዎቹ ልንገርሽ።

የጥያቄ ክፍሉን በመጀመሪያው ቀን አትክፈቺው። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቀድሞ የሚናገር የለም። እኔ ከፍቼ አራት ወር ሙሉ ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ፤ በኋላ ዘጋሁት። በዓመቱ ግን በኢሜይል ብዙ የሚጠይቁኝን 12 አባላት ለይቼ፣ «ጥያቄያችሁን ሌሎችም ይስሙት» ብዬ ከእነርሱ ጋር እንደገና ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ክፍያ ራሱ ጨዋነትን ይረዳል፤ ሜታፊልተር የሚባለው የቆየ የውይይት ማኅበር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ገቢን አንድ ጊዜ 5 ዶላር የሚያስከፍለው ያለ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዋን ሳምንት ግን ተንከባከቢያት። ሰው ከፍሎ ሲገባ አርባ ቪዲዮ ካየ ይደነግጣል፤ ከየት እንደሚጀምር ሳያውቅ ይወጣል። እኔ አዲስ አባል ሲገባ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «በዚህ ወር ሠርተሽ መጨረስ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» ቀሚስ ካለችኝ ወደ ቀሚሱ ትምህርት እልካታለሁ፣ ሌላውን ለጊዜው አላሳያትም። አንቺ ዘንድ ይህ «የወሩን ሒሳብ መዝጋት» ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ይቆያል።

የምትችይውን ብቻ ቃል ግቢ። በየሳምንቱ አዲስ ቪዲዮ ብዬ ጀምሬ በሦስተኛው ወር ታምሜ ሁለት ሳምንት ዘለልኩ፤ ያን ጊዜ ከወጡት ይልቅ ያልወጡት ዝምታ ነበር የከበደኝ። አሁን በወር ሁለት ትምህርት ነው ቃሌ። ሁልጊዜም አራት ትምህርት አስቀድሜ ቀርጬ አስቀምጣለሁ፤ ብታመም፣ ልጅ ብትታመም፣ ቃሌ አይጎድልም።

ቀለል_ያለ_መንገድ

ኢሜይሉንም አደራ። ከየካቲት (ፌብሩዋሪ) 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጂሜይል ላኪዎችን ጠበቅ አድርጎ ይፈትሻል፦ ማንም ላኪ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእርሱ እንደመጣ የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ሊኖረው ይገባል፤ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ደግሞ ሁለቱም፣ ከእነርሱ ጋር ዲማርክ (ማረጋገጫው ያልተሳካለት ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለው ደንብ) እና በአንድ ጠቅታ መውጫ ግዴታ ናቸው። እርስዎ ከ5,000 በታች ቢሆኑም ሦስቱንም ያስተካክሉ። የመግቢያ ሊንክ የያዘ ኢሜይል አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ከገባ አባሉ የሚያውቀው «አልከፈተልኝም» ብቻ ነው። የደረሰኝና የመግቢያ ኢሜይሎችን ከሳምንታዊው ደብዳቤ ለይተው በሌላ ንዑስ ዶሜይን ቢልኩ ደግሞ ይመረጣል።

የሰንጠረዥ_መምህርት
*ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ*

ከፈትኩት። የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ።

ለሕዝብ ከማሳወቄ በፊት ከቆዩ አንባቢዎቼ 30 ሰዎች ጋብዤ በዓመታዊ ክፍያ ጀመርኩ። ወርድፕሬስ ላይ ነው፤ ፋይሎቹ ሁሉ ከድረ ገጹ ውጭ፣ የሊንኩ ጊዜ በ10 ደቂቃ የሚያልፍበት ማከማቻ ውስጥ ናቸው። የማቋረጫው አዝራር በሒሳቡ ገጽ አናት ላይ ነው። እስካሁን አራት ሰው ተጠቅሞበታል፤ ሁለቱ ምክንያታቸውን ሳልጠይቃቸው ጽፈውልኛል፣ አንዱ በሌላ ወር እመለሳለሁ ብሎ ተመልሷል። አሁን 118 ነን።

የሌሊት ማስታረቂያውን ወንድሜ ጻፈልኝ። በሁለተኛው ሳምንት «አንድ ልዩነት» የሚል ኢሜይል ጠዋት ጠበቀኝ። አንዲት አባል ስትከፍል የጻፈችው ኢሜይል በነጻው ደብዳቤ ከተመዘገበችበት በአንድ ፊደል ይለያል፤ ክፍያው ተመዝግቧል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። እርሷ ገና አላወቀችም ነበር። ቡና ሳልጠጣ ከፍቼላት ደወልኩላት።

እናት መምህር፣ አንቺ ብለሽኝ ደስ ብሎኛል። ጥያቄሽን እንዳለ ወሰድኩት። ከ118ቱ 70 ያህሉ መለሱልኝ፤ አብዛኞቹ የወሩን ሒሳብ መዝጋት ሳይሆን የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው የሚፈልጉት። እኔ ያን ትምህርት በሠላሳ አምስተኛ ቦታ ነበር ያስቀመጥኩት። ትላንት ወደ መጀመሪያ አመጣሁት።

እናት_መምህር

እሰይ ልጄ። የደመወዙን ትምህርት ሁለት ከፍለሽ አስቀምጪው፤ ረጅም ነው፣ በአንድ ምሽት አይጨርሱትም።